ልስኑ እስኪደርቅ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም ጋሽ ውሃ ልክ ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ሥራ ቦታ ነው። ሌላው ሰው ግድግዳ መዝመም አለመዝመሙን ለማወቅ ውሃ ልክ የምትባለውን ያቺን አረፋ ያለባትን መሣሪያ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይና «ወደ ቀኝ ትንሽ ሄዷል» ይላል። መሣሪያዋም ስትመጣ ያንኑ ትናገራለች። ይሄ ለግድግዳ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰውየው አንድ ዓይኑን የሚጨፍነው ለግድግዳ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጎረቤት ሲያገባ፣ ልጅ ሲያጠፋ፣ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ፣ ሁሉንም እንደዚያው አይቶ ዘሟል ወይም ቀጥ ብሏል ብሎ ይፈርዳል። ያንን ዓይኑን ወደ ራሱ ያዞረበት ቀን ግን አልነበረም።

ሙያው ልስን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲለስን ኖሯል። የተቦካውን ሲሚንቶ በማንካ ወርውሮ ብሎኬቱ ላይ ሲያጣብቀው ከእግሩ ሥር የሚወድቀው ከእፍኝ አይበልጥም። ቀጥ ባለ ጣውላ ልኩን ጠብቆ ይጠርገውና በማለስለሻ ዞር ዞር እያደረገ ያሸዋል። የቤቱ ባለቤቶች ሊያዩ ሲመጡ ሳያስቡት እጃቸውን ሰደድ አድርገው ግድግዳውን ይዳብሳሉ። እሱም ይቺን ለማየት ሲል ሥራው ካለቀ በኋላ ዕቃ የሚያጥብ መስሎ ይቆያል። ከተከፈለው ይልቅ ያስደስተው የነበረው የሰው መዳፍ ነው።

የራሱ ቤት ግን እንደነገሩ ነበር። ከየሥራው በተረፈ ሲሚንቶና ባልተነፋ አሸዋ፣ ደክሞት በሚውልበት የዕረፍት ቀን የተለጠፈ ልስን ነው። ሚስቱ ደግሞ ቀልደኛ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ፣ «እባካችሁ ግድግዳውን አትደገፉት፤ ልብሳችሁን ይልጠዋል። ሲሠራ ሙያ የሌለው ሰው ነው ያገኘነው» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን በሆዱ ይይዘዋል። ሰው ሲሄድ፣ «ያቺን መኝታ ቤት አንድ ቀን እሠራልሻለሁ» ይላታል። እሷም «ዕድሜ ይስጠኝ» ብላ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። ያ አንድ ቀን ልጅ አሳድገው እስኪድሩ ድረስ አልመጣም።

ከዚያ ጂፕሰም ቦርድ መጣ። እነ ጋሽ ውሃ ልክ አንድ ትልቅ ሕንጻ ላይ ነበሩ። አንድ ጠዋት ፎርማኑ ጠራቸውና የውጩ እንጂ የውስጡ ግድግዳ ከእንግዲህ በልስን እንደማይሠራ ነገራቸው። ሌሎች ሰዎች መጡ። ላሜራ ገተሩ፣ ነጫጭ ሰሌዳ አስጠጉ፣ ብሎን በብሎን አደረጉት። ለሳኞቹ ብሎኬት በውሃ አርሰው በሚያበቁበት ጊዜ እነዚያ አንድ ፎቅ ከፋፍለው ጨረሱ። ለሳኞቹ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። እሱ ብድግ ብሎ ሄደና አዲሱን ግድግዳ በጣቱ አንጓ አንኳኳው።

«ይሄ ግድግዳ አይደለም፤ ካርቶን ነው» አለ። «ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋህ ሳትነሳ ይማርህ የምትልበት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ቀልዱ በየሥራ ቦታው ዞረ፤ ዛሬም የሚናገሩት አሉ። ሥራው ግን በቀልድ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ የሚጠሩት የግቢ አጥር ለመለሰን፣ የፈረሰ ጥግ ለመድፈን፣ አንዳንዴም የሽንት ቤት ግድግዳ ለማስተካከል ሆነ።

ከሁሉ ያቃጠለው የአማቹ ነገር ነው። አማቹ ማንካ አያያዝ የተማረው ከእሱ ሥር ሆኖ ነው፤ በኋላም ሴት ልጁን አገባ። ጂፕሰሙ ሲመጣ መጀመሪያ ማንካውን አስቀምጦ የብሎን መፍቻ ካነሱት አንዱ እሱ ሆነ። ምን ያድርግ፣ ቤት ኪራይ አለበት። አማትየው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ፈረደበት። «ልጄን ወሰድክ፣ መረቅኩህ። ሙያዬን ግን አየኸውና ጣልከው» አለው። ከዚያ ሲገናኙ ስለ አየሩ ካልሆነ በቀር ብዙ አይጫወቱም ነበር። ልጅየው ግን አባባ ማለቱን አልተወም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ሚስቱ ታመመች። ሳል ነበር፤ ቀላል ነገር መስሏቸው ከረሙ። በዚያው ክረምት የመኝታ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ግድግዳው ውሃ ጠጣ። ያ ባልተነፋ አሸዋ የተሠራ ልስን አብጦ ይረግፍ ጀመር፤ ሥሩም ጥቁር ሻጋታ አወጣ። ሴትዮዋ ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ አባትና ልጅን ኮሪደር ላይ አቁሞ ነገራቸው። ሳንባዋ ከእንግዲህ አይመለስም። ጊዜዋም ብዙ አይደለም። ደስ የሚላት ቦታ ብትሆን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ክፍል ፈጽሞ አትገባም።

ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። አባትየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሐኪሙን ጀርባ ተመለከተ። «ይሄ ልጅ ገና ነው። ነገሩን አካበደው» አለ።

ለጊዜው ልጅቷ ጋ ወሰዷት። እዚያ ያለው ቤት አከራዩ አንዱን ሰፊ ክፍል በጂፕሰም ለሁለት የከፈለው ነው፤ በወዲህ በኩል ሳሎን፣ በወዲያ መኝታ። የልጅቷ ልጆች ሳሎን ወለል ላይ ተደርድረው ተኙ፣ አያት መኝታ ቤቱን ያዘች። ማንም አላማረረም። እሷ ግን ገና ዕቃዋ ሳይራገፍ ነው ቤቴ መልሱኝ ማለት የጀመረችው። ከመስኮቷ የሚታየውን ግቢ፣ የሌሊት ልብሷን የምትሰቅልበትን ምስማር ሳይቀር እየጠራች ቤቴ፣ ቤቴ ትላለች። ከዚህ ሌላ አንድም የምትለምነው ነገር አልነበራትም። ሰው ቤት መሞት አልፈለገችም፤ የልጇም ቤት ቢሆን።

አማቹ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ምሳ ሰዓት ላይ አማቱን ሳሎን አገኘው።

«አባባ፣ ከምሠራበት ሆቴል የተረፈ ቦርድ አለኝ። እርጥበት የሚችለው ዓይነት ነው፤ አረንጓዴው። የድሮውን ልስን አራግፈን፣ ሻጋታውን አጥበን፣ ጣሪያውን ደፍነን እንገጥመዋለን። ሳምንት ሳይሞላ እማማ ትገባለች።»

«ልስንስ?»

«ልስን ያምራል፤ ማን ይክዳል? ግን ውሃ ነው። እስኪደርቅ ድረስ ያ ሁሉ ውሃ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው። አሁን ደግሞ ዝናብ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳለ ራስዎ ሰምተዋል።»

«ሐኪሙ ስለ ልስን ምን ያውቃል?»

«ስለ እሷ ያውቃል።»

ሰውየው ሻዩን አስቀመጠ። «ስማኝ። ያንን ክፍል አንድ ቀን እሠራልሻለሁ ብያታለሁ። ያልኳት ልስን ነው። አንተ ሰሌዳህን ለሆቴል ስጠው፣ ከሰው ጋር ሁለት ሌሊት አድሮ ለሚሄድ እንግዳ ይሆናል። የእኔ ሚስት የካርቶን ሣጥን ውስጥ አትተኛም።»

«ጊዜ የላትም እኮ ነው የምልዎት፣ አባባ።»

«አላት። ይቺን ሴት አንተ አታውቃትም፣ እኔ ነኝ የማውቃት። ስትጠብቀኝ ነው የኖረችው። አሁንም ትጠብቃለች።»

ከግድግዳው ማዶ ሳል ተሰማ። ሰውየው ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

«ሰማሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ግድግዳው እንደሆነ አንተ እንደምትለው ነው፤ ምንም አያስቀርም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ሳሉ አቋረጣት። ሲያልፍላት እጁን ያዘችው። «አንተ ሰውዬ፣ ካርቶንም ይሁን፣ ጨርቅም ይሁን። ቤቴ አስገባኝ።»

«ሰው ምን ይላል? የለሳኙ ሚስት ካርቶን ውስጥ ገባች አይሉም?»

«ሰው እዚያ ክፍል አይተኛም። የምተኛው እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ጆሮ ያለው ሰው ብድግ ብሎ ቦርዱን ራሱ ይሸከም ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አልወደዳትም ማለት አይደለም፤ ይወዳታል። ስትስቅበት የኖረችውን ያንን ግድግዳ ሠርቶ፣ እጇን ይዞ አስገብቶ፣ መዳፏን ሰዳ ስትዳብሰው ለማየት ጓጉቷል። ይሄን ቁም ነገር ብሎ በልቡ ይዞታል። እሷ የምትለውን ደግሞ ለእሱ ድካም አዝና የምትለው አስመሰለው። ሰው የራሱን ፍላጎት ለሌላው እንደሚሰጥ ስጦታ አድርጎ ሲጠቀልለው ማንም አያስጥለውም። እሱንም ማን ያስጥለው?

«ግድ የለሽም፣ ቶሎ እጨርሰዋለሁ» አላት።

ሚስቱ እጁን ለቀቀችው። «እሺ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሥራውን በማግስቱ ጀመረ። አማቹ ጣሪያውን ደፈነለት፤ አማቱ የፈቀደለት ይሄን ብቻ ነው። ሰውየው ራሱ የድሮውን ልስን እስከ ብሎኬቱ ድረስ አራገፈ፤ ሻጋታውን ፈትጎ አጠበ። አሸዋውን እንደ ዱቄት ነፋ። መጀመሪያ ቀጠን ያለውን ረጨ፤ እሱ ሲጠጥር ወፍራሙን ጣለ። ትከሻው እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው፤ አንድ ባልዲ ጨርሶ ቁጭ ይልና ክንዱን ያሻል። የድሮ ጓደኞቹ እናግዝህ ሲሉት አልፈለገም። እንዲያም ሆኖ ከብዙ ዓመት በኋላ ደስ ብሎት ይውል ነበር። እያፏጨ ይሠራል፤ ማታ ማታ ልብሱ ላይ ሲሚንቶ እንዳለ ሴት ልጁ ቤት ይሄዳል። ልብሱን ሆን ብሎ አይቀይርም፤ ሚስቱ እንድታየው ነው።

ሚስቱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ደረቀ?»

«እየደረቀ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እየደረቀ አልነበረም። ዝናቡ አላባራ አለ። ግድግዳው ጠዋት ሲነካ ቀዝቃዛ፣ ማታም ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። አማቹ ከሥራ ቦታ ትልቅ ማራገቢያ ተሸክሞ መጣ፤ ሰውየው «በነፋስ ተቻኩሎ የደረቀ ልስን ይሰነጠቃል» ብሎ ከደጅ መለሰው። አማቹ ዕቃውን እንደተሸከመ ተመልሶ ሄደ። በዚያ ሰሞን ሴትዮዋ ቁጭ ማለት ተቸግራ ሁለት ትራስ የነበረው አራት ሆነ። አባትየው ትራሶቹን አይቷል። እነሱን ግን ዓይኑን ጨፍኖ አልለካቸውም።

በመጨረሻ ዝናቡ ፋታ ሰጠ፣ ፀሐይ ወጣች። ግድግዳው ከጥቁር ግራጫነት ወደ ነጭ ግራጫነት ይመለስ ጀመር። ሐኪሙም ክፍሉ ደረቅ ከሆነ ትግባ አለ። ልጅቷ የእናቷን ልብስ በአንድ ሻንጣ አጠፈች፣ አማቹ መኪና ተዋሰ፤ በነገው ጠዋት እንድትገባ ተነጋገሩ። ሴትዮዋ ይሄን ስትሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ሾርባዋን ጨርሳ ጠጣች፤ የልጅ ልጆቿንም «ከነገ ጀምሮ አልጋችሁን ውሰዱ፣ ከግድግዳ ማዶ ሲያንኮራፋ ከሚያድር ሁሉ ተገላገልኩ» ብላ አሳቀቻቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ውሃ ልክ ክፍሉን ጠራርጎ ጨረሰ። ይሄኔ ነበር ወጥቶ በሩን መዝጋት የነበረበት። ለሳኞች ግን አንድ ልማድ አላቸው። ሥራቸው ሲያልቅ መስኮቱን ዘግተው ክፍሉን ያጨልሙና አምፖል ከግድግዳው ጎን አስጠግተው ያበራሉ። መብራቱ ግድግዳውን እየታከከ ሲያልፍ በቀን ብርሃን የማይታይ ጉድጓድና እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ጎበዝ ለሳኝ ሥራውን የሚያስረክበው ይቺን ፈተና ካለፈ በኋላ ነው። እሱም በቀን በብርሃን መስኮቱን ዘጋ፣ አምፖሉን አስጠጋ።

አልጋው በሚሆንበት በኩል ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። ከመዳፍ የማይሰፋ፣ ከወገብ በታች ያለ እብጠት ነው። አምፖሉን ሲያርቀው ይጠፋል፣ ሲያስጠጋው ይመጣል። ትከሻው የደከመ ቀን ያመለጠው ነው።

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና አየው። አምፖሉን አጥፍቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ምንም የለም። ይተወው ብሎ እስከ በሩ ሄደ። ከዚያ የድሮ የሥራ ጓደኞቹ በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ ታዩት። አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያጽናናት ሲያጽናናት ቆይቶ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ምንም አይልም፣ ይወጣል፤ ከዚያ ግን ወሬው በየሥራ ቦታው ይዞር የለ? ሰውየው ከበሩ ተመለሰ። መዶሻውን አነሣ።

ጠዋት ልጅቷ አልጋ ልታነጥፍ ንጹሕ አንሶላ ይዛ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ፍርስራሽ ተቆልሏል። የአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ብሎኬቱ ወጥቷል። አባቷ ከውጭ አሸዋ ይነፋል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሆድ ነበረው።»

«ምን ነበረው?»

«ግድግዳው አብጦ ነበር። እብጠቷን ብቻ ላነሣ ብዬ ነበር፤ ተቆራርጦ ያስጠላል። ሙሉውን ባነሣው ይሻላል ብዬ ነው። ትንሽ ቀን ነው።»

«የቱ ጋ ነበር ያበጠው?»

ገባና በማንካው ጫፍ አሳያት።

«እዚህ ጋ የሚመጣው አልጋው ነው። አልጋው ይሸፍነው ነበር እኮ።»

«ቢሸፍነውም እኔ አውቀዋለሁ።»

ልጅቷ አንሶላውን ታቅፋ ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ ከንጋት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች» አለች። «ሻንጣዋ ጉልበቷ ላይ ነው። አስቀምጪው ብላት እምቢ አለችኝ። አሁን ሄጄ ምን ልበላት?»

«ትንሽ ጠብቂ በያት።»

«አንተ ንገራት።»

«ልብሴ ሲሚንቶ ነው። ማታ እመጣለሁ።»

ልጅቷ ብቻዋን ተመለሰች። ምን ብላ እንደነገረቻት ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። ማታ አባትየው ሲሄድ ሚስቱ ተኝታለች፤ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ገብቷል። ለወትሮው የምትጠይቀውን ጥያቄ ሲጠብቅ ቆየ። አልጠየቀችውም። በሚቀጥለውም ቀን አልጠየቀችውም። እሱ ራሱ «እየሆነልን ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ያምራል» ሲላት በዓይኗ እሺ ትለዋለች። ከዚያ ሾርባውን ተወችው።

ወፍራሙን ልስን በሚጥልበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አማቹ እየሮጠ መጣ። መኪናውን መንገድ ላይ ከነሞተሩ ትቶት ነው። ሰውየው መወጣጫው ላይ ቆሟል፤ ከእግሩ አጠገብ አሁን የቦካ ሙሉ ባልዲ አለ።

«አባባ፣ ይውረዱ እንሂድ። እማማ ብሷታል። ትንፋሿ አላማረኝም። እርስዎን እየጠራች ነው።»

«እየጠራችኝ?»

«አዎ። ይምጡ።»

ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ባልዲውን አየ። «መጣሁ። ይቺ የቦካች ናት፣ ብንተዋት ድንጋይ ትሆናለች። ግድግዳውም እኩሌታው ላይ ከቆመ መገጣጠሚያው ያስታውቃል። ይቺን ብቻ ልጣልና እንሂድ።»

ለሳኝ የቦካ ሲሚንቶ ጥሎ አይሄድም። ዝናብ ቢመጣ፣ ጠብ ቢነሣ፣ ደመወዝ ቢከለከል፣ የቦካውን ጨርሶ ነው የሚያኮርፈው። ይሄንን ለአማቹ ያስተማረው እሱ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ባልዲ ትቶ ምሳ ሲሄድ አንገቱን ይዞ መልሶት። ልጅየው ያን ባልዲ በእግሩ መድፋት ነበረበት። ሰውየውን ከነሲሚንቶው ተሸክሞ መኪና ውስጥ መክተት ነበረበት። ይሄን በኋላ ለራሱ ስንት ጊዜ እንዳለው እሱ ነው የሚያውቀው። ያኔ ግን ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ ጣለ፣ መሬት የነበረውን ሁለተኛ ማንካ አነሣና መወጣጫው ላይ ወጣ።

ጎን ለጎን ሆነው ወረወሩ። ልጅየው ስንት ዘመን ሳይነካው የቀረውን ነገር እጁ አልረሳውም፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ይቀበላል፣ አንዱ ከላይ ሲጠርግ ሌላው ከታች ይሞላል። አማትየው ከጥግ በኩል እያየው ነበር።

«እጅህ አልረሳም» አለው።

«አይረሳም፣ አባባ። ቶሎ እንበል።»

«እኔ ካርቶኑ አበላሸው ብዬ ነበር።»

ደስ አለው። ይሄ ነው መራራው ነገር፤ ሚስቱ በዚያች ሰዓት አፍ አውጥታ ስትጠራው እሱ እዚያ መወጣጫ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ልጁ የተመለሰለት መሰለው። ባልዲው አለቀ፤ ልጅየው ዘሎ ወረደ። ሰውየው «አንዴ ብቻ ልዳብሰው፣ እንዲህ ተትቶ አይሆንም» ብሎ ማለስለሻውን አነሣ። ከዳር እስከ ዳር አንዴ ሄደበት። ከዚያ ወረደ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሄዱ።

ልጅቷ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ልጆቹን ጎረቤት ልካቸዋለች። አላለቀሰችም፤ ገና አልጀመራትም። መጀመሪያ ያየችው ፊታቸውን አይደለም፣ እጃቸውን ነው። የሁለቱም እጅ እስከ ክርን ድረስ እርጥብ ሲሚንቶ ነው።

«አንተም?» አለችው ባሏን።

ባሏ አንገቱን ደፋ። አባቷ አልፏት ገባ። ሚስቱ ትራሶቹ ላይ ጋደም ብላለች፤ አንገቷ ወደ በሩ ዞሯል። ትንሽ ሲጠጋ ገባው። ሊነካት እጁን ዘረጋና ሲሚንቶውን አይቶ መለሰው። ልብሱ ላይ ጠረገው፤ ልብሱም ሲሚንቶ ነው።

«ስትጠራህ ቆየች» አለች ልጅቷ ከኋላው። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «በኋላ መጥራት ተወች። መጨረሻ ላይ ደረቀ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ደርቋል አልኳት። አባዬ አልጋሽን እያነጠፈልሽ ነው፣ ለዚያ ነው የቆየው አልኳት።»

ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ፈለገ፣ አንሶላውን እንዳያበላሸው ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ስልክ ሲደወል እዚያው ነበር። አንድ ጎረቤት ውሃ በሳህን አምጥታ እጁን ልታጥበው ስትል ዘረጋላት።

ከሰዓት በኋላ ወዴት ትወሰድ የሚል ነገር ተነሣ። ልጅቷ ማንንም ሳታማክር «ቤቷ» አለች። ያንኑ የተዋሱትን መኪና አመጡ። ሻንጣዋንም ከአልጋው ሥር አውጥታ ልጅቷ ራሷ ያዘችው። አማቹ ቀድሞ ሄዶ መወጣጫውን አፍርሶ፣ ባልዲውንና ማንካዎቹን ጓሮ ወርውሮ፣ ወለሉን በውሃ አጠበ። አልጋውንም ከሌላው ክፍል አምጥቶ ተከለ። ግድግዳው ጠዋት እንደተለሰነ ጥቁር ሆኖ ውሃ ያላበዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ብርዱ ፊት ይመታል። ስለዚህ አልጋውን ራቅ አድርጎ መሃል ወለል ላይ ነው ያቆመው።

አምጥተው አስተኟት። ብርድ ልብሱን ልጅቷ አለበሰቻት። ለቀስተኛው መቀመጫ ፈልጎ ግራ ቀኝ ሲል አልጋው መሃል ላይ ሆኖ ማለፊያ አሳጣ፤ ከሰዎቹ አንዱ ትንሽ ይጠጋ እንጂ አለ። አማቹ ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ አማቱ አየ።

«እርጥብ ነው እኮ» አለ። ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያለውን የሰማው።

ጋሽ ውሃ ልክ ከበሩ ጥግ ተነሣና የአልጋውን እግር ያዘ።

«አስጠጓት» አለ። «አሁን አይጎዳትም።»